በር የሌለው ደን፦ ስለ ካፋ የዱር እንስሳትና ስለ ጎብኚው



ከቦንጋ ተነሥቶ በውሽውሽ የሻይ ማሳ በኩል ወደ ዋጫ የሚያልፍ እንግዳ ብዙ ጊዜ «የፓርኩ በር የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በር የለም። ካፋ ብሔራዊ ፓርክ ሳይሆን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው፣ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ነው። በማዕከላዊው ቀጠና ደኑ እንዳለ ይጠበቃል፤ በመከላከያው ቀጠና ነዋሪው የጫካ ቡናና ኮረሪማ ይለቅማል፣ ማር ይቆርጣል፤ በሽግግሩ ቀጠና እርሻና ከተማ አለ። ጎብኚው እንግዳ የሚሆነው ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ለደኑ ባለቤቶች ጭምር ነው።

አንበሳ፣ ነብርና ጎሽ በዚህ ምድር አሉ፤ ነገር ግን እነርሱን አያለሁ ብሎ የመጣ ሰው አዝኖ ሊመለስ ይችላል። ጥቅጥቅ ያለ ደን እንደ ሜዳ እንስሳውን አያሳይም። ጉሬዛን ግን በማለዳ፣ በረጃጅሞቹ ዛፎች ጫፍ ላይ ማየት ይቻላል። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ሶሪት ደግሞ ተቀምጣ አረንጓዴ ስለሆነች ከቅጠል አትለይም፤ ስትበር የክንፏ ቅላት ያጋልጣታል።

እኔ በይበልጥ የምደነቀው መንቁሩ ላይ ቆብ መሰል ቀንድ በተሸከመው ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። እንስቷ በአሮጌ ዛፍ ቀዳዳ ገብታ በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ በቀረው ጠባብ ስንጥቅ ወንዱ ፍሬ እያመጣ ይመግባታል። የበላውንም ፍሬ ዘር ርቆ ይጥላል። ባዶ ሆድ ያለው ግዙፍ ዛፍ ከሌለ ጎጆ የለም፤ ወፉ ከሌለ ብዙው ዘር ከእናት ዛፉ ሥር ይቀራል።

ጭንቀቴ ከዚህ ይጀምራል። የቡና ምርት ለመጨመር ከሥር ያለው ቁጥቋጦ ሲመነጠርና ጥላው ሲሳሳ፣ ደኑ ከመንገድ ሲታይ አሁንም አረንጓዴ ነው። ወደ ውስጥ ገብታችሁ ግን ነባሮቹን ዛፎች የሚተካ ችግኝ ፈልጉ፤ በብዙ ቦታ አታገኙም። ነዋሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ከቡናው ሌላ ገቢው ምን እንደሆነ መጠየቅ ግን ይቀድማል። ጉዳዩ የወፍ ብቻም አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የተመረጡት ከደቡብ ምዕራብ ደኖች ከተሰበሰቡ ዛፎች ነበር።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ልጨምር። ዝናቡ የሚቀንሰው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው፤ ያኔም ቢሆን የዝናብ ልብስ አይቅር፤ ጭቃ የሚችል ጫማ ልበሱ። ከአካባቢው አስጎብኚ ውሰዱ፤ ክፍያውን በቅድሚያ ተስማሙ። ዝንጀሮና ጦጣን አትመግቡ፤ የለመደ ዝንጀሮ ነገ የገበሬውን በቆሎ ይወርሳል። ዛፍ ላይ ቀፎ ካያችሁ ራቁ፤ ባለቤት አለው፣ ንቡም ቁጡ ነው። የቡና ፍሬም ቢሆን ሳታስፈቅዱ አትቅጠፉ። ማርና ኮረሪማ ከፈለጋችሁ ከነዋሪው ግዙ፤ በዋጫ የገበያ ቀን ብትደርሱ ደግሞ የተሻለ ነው።