ስድስት ወንበር ለባቢሌ፦ የአነስተኛ የኢንተርኔት ስልክ ጥሪ ማዕከል የሰርቨርና የባንድዊድዝ ስሌት



ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በለውዟ የታወቀች ከተማ ናት። በገበያዋ ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም፣ አማርኛም ይሰማል። ለለውዝ አምራቾቿ የዕለቱን ዋጋ የሚነግር የጥሪ ማዕከል ማቋቋም ቢታሰብ ምን ያስፈልጋል? የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የዘረጋው 8028 አጭር ቁጥር ገበሬው በስልክ ምክር መሻቱን አሳይቷል። እኔ የማነሣው ግን ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበትን አነስተኛ ማዕከል ነው።

ስሌቱ የሚጀምረው ከሰው ቁጥር ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው ቀመር ዛሬም ያገለግለናል። ለምሳሌ ያህል በሰዓት 60 ጥሪ ይምጣ፣ እያንዳንዱም 4 ደቂቃ ይፍጅ እንበል። ይህ 240 የንግግር ደቂቃ፣ ማለትም 4 ኤርላንግ ነው። አራት ሠራተኞች ብቻ ብንቀጥር ወረፋው እየረዘመ ይሄዳል። በአምስት ሠራተኞች ከደዋዮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይጠብቃሉ። በስድስት ግን የሚጠብቁት ከ100 ወደ 28 ይወርዳሉ። መስመሩ ነጻ ካልሆነ በቀር የመጠበቂያውን ሒሳብ የሚከፍለው ገበሬው ስለሆነ፣ ስድስተኛው ወንበር ቅንጦት አይደለም።

ወደ ባንድዊድዝ እንለፍ። ጂ.711 በተባለው የድምፅ አቀራረጽ አንድ ንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይወስዳል። ድምፁ በየ20 ሚሊሰከንዱ ተቆርጦ በፓኬት ሲላክ፣ አድራሻው ተጨምሮበት በኢተርኔት ላይ ወደ 87 ኪሎቢት ይደርሳል። ስድስት ተነጋጋሪና አራት ተጠባባቂ ቢኖሩ 870 ኪሎቢት ገደማ ያስፈልጋል። ይህም በመላኪያውም በመቀበያውም አቅጣጫ ነው፤ መስመር ስንገዛ የማውረጃውን ፍጥነት ብቻ ማየት የለብንም። ለመጠባበቂያ ታስቦ በሁለቱም አቅጣጫ 2 ሜጋቢት ይበቃል። ጂ.729 ድምፁን ወደ 8 ኪሎቢት ቢጨምቀውም፣ የአድራሻው ሸክም ስለማይቀንስ በመስመሩ ላይ 31 ኪሎቢት ያህል ይይዛል።

ሆኖም ከስፋት ይልቅ የመስመሩ ጽናት ይበልጣል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳያልፍ ይመክራል። በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት የሚያልፍ ድምፅ ግን ሩብ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። የፓኬት መጥፋት ደግሞ የባሰ ነው። በኦሮምኛ ሦስት «ሰዲ»፣ ስምንት «ሰዴት» ይባላል። የቃሉ መጨረሻ ተቆርጦ ቢቀር ስምንት ሦስት መስሎ ይሰማል፤ ገበሬውም በተሳሳተ ዋጋ ምርቱን ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ድምፅ በራውተሩ ላይ ከሌላው ትራፊክ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ሠራተኛውም ዋጋውን ሁለት ጊዜ ይናገር።

ሰርቨሩ ብዙ ወጪ አያስከትልም። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በነጻ የሚገኘው አስተሪስክ ለአሥር መስመር ተራ ኮምፒውተር ይበቃዋል። በ8 ሰዓት ሥራ የሚቀዳው ንግግር ሳይጨመቅ 920 ሜጋባይት ገደማ ነው። ዋናው ሥጋት የመብራት መቋረጥ ነው፤ መጠባበቂያው ባትሪ ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን ራውተሩንና ስዊቹንም መሸከም አለበት። ሰርቨሩም በአገር ውስጥ ይሁን። ውጭ አገር ከተከራየን የባቢሌ ሰው ድምፅ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ ባቢሌ ይደርሳል።

በመጨረሻም ሕጉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ አድርጎታል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ የዘርፉን ፈቃድ ይሰጣል። እንግዲህ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቁ፤ ቁጥርና መስመር ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር ውሰዱ። ስድስት ወንበር፣ 2 ሜጋቢት፣ አንድ ኮምፒውተርና በቂ ባትሪ ከባቢሌ አቅም በላይ አይደለም። በሕግ ያልተመሠረተ ማዕከል ግን በተዘጋ ዕለት፣ ዋጋ መጠየቅ የለመደውን ገበሬ መልሶ ለደላላው ይተወዋል።