አውሮፕላኑን የተረከቡ እጆች
የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀደምት ባለሙያዎችን ትዝታ ለመመዝገብ በተዘጋጀ ዐውደ ጥናት ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የአየር መንገዱ ቀደምት አብራሪዎች፣ ቴክኒሽያኖችና የበረራ አስተናጋጆች፤ ትዝታቸውን ለመቀበል ወረቀትና መቅረጸ ድምፅ ይዛችሁ የመጣችሁ የታሪክ ተማሪዎች፦

የአየር መንገዳችን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአውሮፕላን ስም ነው። መጀመሪያ ዲሲ-3፣ ቀጥሎ ቦይንግ 720፣ ቀጥሎ 767፣ ከዚያ ድሪምላይነር እየተባለ ይቆጠራል። አቆጣጠሩ ትክክል ነው፤ ዋናውን ነገር ግን ያስቀራል። አውሮፕላን ገንዘብ ወይም አበዳሪ ያገኘ ሁሉ ይገዛዋል። የበርካታ አገሮች ኩራት የነበረው ኤር አፍሪክ በ2002 ከሰረ፤ የናይጄሪያ ኤርዌይስም በዓመቱ ሥራ አቆመ። ሁለቱም አውሮፕላን ነበራቸው። የእኛው ለመቆየቱ ብዙ ምክንያት ሊጠቀስ ይችላል። እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ሙያው ከባዕድ እጅ ወደ ወገን እጅ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሳይቋረጥ መተላለፉን ነው። (ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የበረራ መዛግብቱ የተጻፉት በዚያ ስለሆነ።)

አጀማመሩ ከጦርነት በተረፈ ዕቃ ነበር። በ1945 መጨረሻ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥትና ቲ.ደብሊው.ኤ. በተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ስምምነት ድርጅቱ ተመሠረተ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትራፊ የሆኑ አምስት ሲ-47 (የዲሲ-3 ወታደራዊ ቅጂ) አውሮፕላኖችም ተገዙ። ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። በእነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ መንገደኛው ግራና ቀኝ በተዘረጋ ተጣጣፊ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ መሐል ወለሉ ላይ ጭነት ይታሰራል። ክረምት መንገዱን በሚቆርጥበት አገር ውስጥ ሰውና ቡና በአንድ ላይ የሚጓዙበት ጊዜ ነበር። የሚያበረው፣ የሚጠግነውና የሚያስተዳድረው ግን በአብዛኛው አሜሪካዊ ነበር።

በ1953 ውሉ ሲታደስ አንድ ትልቅ ነገር ገባበት፦ የአየር መንገዱ ሥራ ውሎ አድሮ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እንዲያዝ። እንዲህ ያለ ቃል በብዙ ውል ላይ ይጻፋል። እዚህ ግን ተፈጸመ። በ1957 አለማየሁ አበበ የአዛዥነቱን ወንበር ይዘው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1975 የቲ.ደብሊው.ኤ. ውል አበቃ።

ተማሪዎቼ፣ ልባችሁን እንድትጥሉ የምለምናችሁ በ1957ና በ1971 መካከል ባሉት ዓመታት ላይ ነው። የልደታ ሜዳ ለጄት የማይበቃ ሆኖ ሥራው ወደ ቦሌ የዞረው፣ በ1962 መጨረሻም የመጀመሪያዎቹ ጄቶች የመጡት በዚያ መሐል ነው። ፕሮፔለር ፈትቶ መግጠም የለመደ ወጣት የጄት ሞተር ሥር ቆሞ እንደገና ተማሪ ሆነ። አንድ አውሮፕላን ከጥገና ሲወጣ ለመብረር ብቁ ነው ብሎ የሚፈርም ሰው አለ፤ ከዚያ ፊርማ በኋላ የመንገደኛው ነፍስ በፈራሚው እጅ ናት። ቀደምቶቻችን፣ ያ እስክሪብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጣችሁ ምን ተሰማችሁ? አስተማሪያችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ነበር ወይስ ትቷችሁ ሄደ? እናንተስ በተራችሁ ለማን ሰጣችሁት? ከእናንተ ከቀደምቶቻችን መስማት የምንፈልገው ይህንን ነው።

ደርግ አገሪቱን ወደ ሶቪየት ኅብረት ባስጠጋበት ዘመን አየር መንገዱ የአሜሪካን ቦይንግ መግዛቱን አልተወም። ከ1980 ጀምሮ በካፒቴን መሐመድ አሕመድ አመራር በንግድ ሕግ እንዲሠራ መፈቀዱ ብዙ ነገር አድኗል። ጁን 1984 አዲሱ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በአየር ላይ ቆይቶ፣ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ አዲስ አበባ አረፈ። ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። በዚያው ዓመት ወሎና ትግራይ ውስጥ ወገናችን በረሃብ እያለቀ ነበር። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይጻፉ፤ አንዱን ለሌላው ብለን አንሰውር።

ኀዘኑም እንዲሁ። በኖቬምበር 1996 የተጠለፈው በረራ 961 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲወድቅ 125 ሰዎች ሞተዋል። በማርች 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው በረራ 302 የ157 ሰዎችን ሕይወት ወስዷል፤ ከዚያ በኋላ ያ የአውሮፕላን ዓይነት በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። ከመካከላችን የሥራ ባልደረባ፣ ጓደኛና ልጅ ያጣ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጠያቂዎች፣ ባለትዝታው ራሱ ካላነሣው እናንተ አታንሡት። ማልቀስ ከጀመረ መቅረጫውን ዝጉ። ከአንድ ጥሩ ቃለ መጠይቅ መቅረትና ከአንድ ሰው ክብር መጉደል የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትመራመሩ፤ መልሱ የታወቀ ነው።

ለሴቶቹ የብቻ ጥግ አትመድቡላቸው። በ2010 አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነዋል፤ በ2015 ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ በሴቶች ብቻ የተመራ በረራ ባንኮክ ደርሷል። ከዚያ በፊት ግን በትኬት ቢሮ፣ በመስተንግዶና በሂሳብ ክፍል ዕድሜያቸውን የሰጡ እናቶች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር በቂ ሰዓት ተቀመጡ።

ከጡረታ በኋላ ኑሯቸውን በዋሽንግተን አካባቢና በሌላም ቦታ ያደረጉትን ባለሙያዎች በስልክ እናገኛቸዋለን። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የመንገደኛ ወንበር ነቅለው አውሮፕላኑን ለጭነት ያዘጋጁት ወጣት ቴክኒሽያኖችም ገና በሥራ ላይ ናቸውና አሁኑኑ እንጠይቃቸው፤ ትዝታው ትኩስ ሳለ ይሻላል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ቤታችሁ ያለ የበረራ መዝገብ፣ የማሠልጠኛ ደብተር፣ ፎቶግራፍ ካለ ነገ ይዛችሁልን ኑ። እዚሁ ፊታችሁ ፎቶ ተነሥቶ ይመለስላችኋል፤ ማንም አያስቀረውም። በፎቶግራፎቹ ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስም እንድትጽፉልን እንፈልጋለን።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የጥገና ክፍል ባልደረቦች ነው። ዐውደ ጥናቱ መከፈቱን በአክብሮት እገልጻለሁ።