ዘጠኝ ፊደል፣ 30 ሰከንድ

ከተበታተኑ የእንግሊዝኛ ፊደላት ረጅም ቃል ማውጣት በብሪታንያ የቴሌቪዥን ውድድር ነው። «ካውንትዳውን» ይባላል፤ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቻናል ፎር ይተላለፋል። ተወዳዳሪዎች በዘጠኝ ፊደላት፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ረጅሙን ቃል ይፈልጋሉ። ቃሉ በፊደላቱ ቁጥር ልክ ነጥብ ያስገኛል፤ ዘጠኙንም የተጠቀመ ግን እጥፉን፣ 18 ይወስዳል።

ታዲያ ዘዴው ምንድን ነው? ከቃሉ መጨረሻ መጀመር ነው። አይ፣ ኤን እና ጂ ከወጡ «ኢንግ» የሚለውን ቅጥያ ለብቻ ያስቀምጡና በቀሩት ስድስት ፊደላት ግስ ይፈልጉ። ኮምፒውተር ደግሞ ቃል ለማግኘት የየቃሉን ፊደላት በኤቢሲዲ ተራ ይደረድራል። «ሊስን» (listen) እና «ሳይለንት» (silent) እንዲህ ሲደረደሩ ፍጹም አንድ ይሆናሉ፤ በስድስቱ ፊደላት አንዱን የፈለገ ሁለቱንም ያገኛል። እስቲ እናንተም ሞክሩት!