የአሻንጉሊት ሠሪው እጅ



ዕድሜውን ሙሉ አሻንጉሊት ሲሠራ የኖረ ሰው ስለ ሥራው ዘጋቢ ፊልም ለማዘጋጀት ሲያስብ፥ አስቀድሞ የሚመርጠው ያማረውን ነው። ተማሪን የሚያደፋፍረው ግን አጀማመሩ ነው። አሜሪካዊው ጂም ሄንሰን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ከርሚት የተባለውን አሻንጉሊት የሠራው እናቱ ከተዉት አሮጌ ካፖርት ነበር፤ ዓይኖቹም ለሁለት የተከፈለች የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ነበሩ። ሠሪው በ1990 ሞተ፤ ያ አሻንጉሊት ግን ዛሬ በዋሽንግተን ቤተ መዘክር ይጠበቃል።

ቤተ መዘክር ጨርቁን ይጠብቃል እንጂ ጨርቁን ያናገሩትን ጣቶች ሊያስቀር አይችልም። ስለዚህ ባለሙያው በሕይወት ሳለ መቀሱን ሲይዝ፥ ሲሰፋ፥ ተበላሽቶበት ሲፈታ፥ እንደገናም ሲጀምር ይቀረጽ። የተሳካውን ብቻ የሚያሳይ ፊልም ያስደንቃል፤ የተበላሸውንም የሚያሳይ ግን ያስተምራል።