ለምን ይፈርማሉ?

አሜሪካ የግዳጅ ምልመላን ካቆመችበት ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጦር ሠራዊቷን በር የሚያንኳኳው ወጣት በፈቃዱ የመጣ ነው። ታዲያ ምን አመጣው?

ለብዙዎች መልሱ የትምህርት ክፍያ ነው። በ2008 የወጣው የዘማቾች የትምህርት ሕግ፣ ሦስት ዓመት በመደበኛ ሠራዊት ላገለገለ ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የ36 ወር ክፍያ ይሸፍናል፤ የቤት ኪራይ ድጎማም አለው። አባቱ ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ የሚነዳለት የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ይህን ሲሰማ ለራሱ ብቻ አያስብም፤ ታናናሾቹንም ያስባል። ይህ ስሌት ክብር ይገባዋል።

በዲቪ የገባው ደግሞ በግሪን ካርዱ መመዝገብ ይችላል፤ አገልግሎቱ ወደ ዜግነት የሚወስደውን መንገድ ያሳጥርለታል። በ2009 ምልመላ በጀመረው ልዩ የቋንቋ ፕሮግራም አማርኛም ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር።

ራሱን ለመፈተን የሚገባም አለ። የአባቱን የወታደርነት ታሪክ እየሰማ ያደገም አለ።

ወሬው ሁሉ ስለ አራት ዓመት አገልግሎት ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ውል በጥቅሉ እስከ 8 ዓመት ይዘልቃል፤ ቀሪው ጊዜ በተጠባባቂነት ይቆጠራል፣ ካስፈለገም ጥሪ ይመጣል። የ17 ዓመት ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይመዘገብም። እንግሊዝኛው የሚከብዳት እናት ውሉ በአማርኛ እስኪነበብላት ድረስ እስክሪብቶውን አታንሳ።