ስለ አደራ ውሻ
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለበዓል ወደ ገጠር ስንወጣ ውሻችንን ለጎረቤት አደራ እንሰጣለን። ባለቤቱ ተመልሰው «እንዴት ሰነበተ?» ሲሉ ይሉኝታ ይዞን «ደኅና ነው፣ ምንም አላስቸገረ» እንላለን። ጫማ ማኘኩስ ይሁን፤ የዶሮዋም ነገር ከቡና በኋላ ይደርሳል። ልጅ ነክሶ እንደሆነ ግን ዝም ማለት አይገባንም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ አይድንም ማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ልጁን በዕለቱ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ውሻውም ሳይገደል ታስሮ 10 ቀን መታየት አለበት፤ ባለቤቱ ካልሰሙ ግን ማታውኑ ይለቁታል።

እንግዲህ ገና በር ላይ ሳሉ፣ ቁጣ ሳንጨምር፣ «ጋሼ፣ ውሻዎ ማክሰኞ ዕለት የጎረቤት ልጅ ነክሷል፤ መቼ ነው ያስከተቡት?» እንበላቸው። ቢከፋቸውም ይክፋቸው፤ የክትባት ወረቀቱን ግን ያሳዩን።