ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአውሮፓ ድጋፍ ማፈላለጊያ ሥልጠና፦ በዲፕስሉት የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተወካይ፣
ክብርት የአካባቢያችን ካውንስለር፣
የጆሃንስበርግ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ባልደረቦች፣
የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፣
የሶማሌ፣ የዚምባብዌና የሞዛምቢክ ማኅበረሰቦች ተወካዮች፣
ክቡራትና ክቡራን፤

ክቡር የኤምባሲያችን ተወካይ ከፕሪቶሪያ ድረስ መጥተው ስላከበሩን በኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ስም አመሰግናለሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን አባቶች፣ ከሌሊት ተነሥተው ምግቡንና ቡናውን ላሰናዱ እናቶችና እኅቶች፣ የእሑድ ገበያቸውን ትተው፣ ሱቃቸውን ለሰው አደራ ሰጥተው ለመጡ ወንድሞች ምስጋናዬ የላቀ ነው። በማዕረጋችሁ ሳልጠራችሁ ያለፍኳችሁ እንግዶች ካላችሁ በትልቅነታችሁ እለፉኝ።

ዲፕስሉት እ.ኤ.አ. በ1995 ከዜቨንፎንቴንና ከሃኒዲው የተነሡ ሰዎች እንዲያርፉበት የተመሠረተ የጆሃንስበርግ ዳር ሠፈር (ሎኬሽን) ነው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከ138 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጥሮበታል። ብዙው ቤት ቆርቆሮ ነው፤ በአንዲት ክፍል ይበሰላል፣ ይተኛል፣ ይጠናል። የእኛም ልጆች ከሱቃችን ባንኮኒ ጀርባ በዱቄት ጆንያና በዘይት ካርቶን መካከል የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። ወንበር፣ መብራትና ኢንተርኔት ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለእነዚህ ልጆች ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አያሻኝም። በ2008 እና በ2022 በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ሲደርስ ይህ ሠፈር ያየውን የሚረሳ የለም። የእኛ ልጅና የጎረቤታችን ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ቢያነቡ፣ ጥቃቱ ካለፈ በኋላ ከምንጠራቸው የሰላም ስብሰባዎች የበለጠ ይጠቅመናል።

የቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ግን ባለቤቱ አይታወቅም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለክፍላተ ሀገር ሰጥቷል፤ ሥራውን የሚሠሩት ማዘጋጃ ቤቶች ናቸው። ማዕከላዊው መንግሥት ከ2007 ጀምሮ ልዩ ድጎማ ቢሰጥም ክፍተቱ አልተደፈነም። በ1935 የተከፈተው የመሀል ከተማው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት እንኳ በኮቪድ ጊዜ ተዘግቶ በሩ እንደገና የተከፈተው በ2025 ነው። የሎኬሽኑ ተራ መቼ እንደሚደርስ እናንተው ገምቱ።

ዓይናችን ወደ አውሮፓ የዞረው ለዚህ ነው። ፕሪቶሪያ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ልዑክ በየጊዜው የፕሮጀክት ጥሪ ያወጣል። ጥሪው ስለ ወጣቶች፣ ስለ ሥራ ክህሎት፣ ስለ ዲጂታል ዕውቀት፣ ስለ ሴቶች እኩልነት ይናገራል፤ ቤተ መጻሕፍትን በስሙ የሚጠራው እምብዛም ስለሆነ፣ የእኛ ሥራ የትኛው ጥሪ ውስጥ እንደሚገባ ማየት ይጠበቅብናል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሊቱዌኒያዋ ቪልኒየስ የሆነው ኢአይኤፍኤል የተባለው ድርጅትም ለአፍሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ድጋፍና ሽልማት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከተሸላሚዎቹ አንዱ በናይሮቢ ኪቤራ ልጆችን በታብሌት ያስጠናው ቤተ መጻሕፍት ነው። ዝርዝሩን አሠልጣኞቻችን ያስረዱናል።

እኔ ግን፣ ፈቃዳችሁ ይሁንና፣ ስለ ደረሰኝ ልናገር።

ጽሕፈት ቤታችን በምን እንደሚታማ አውቃለሁ። ነጋዴዎቻችን በሚበዙበት በጄፒ ሠፈር ቡና ሲጠጣ «ለመጽሐፍ ያዋጣነው የት ደረሰ?» ይባላል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ለሃምሳ ራንድም ደረሰኝ ካላመጣችሁ ይላሉ» ይባላል። ወገኖቼ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሁለተኛውን ስንታገሥ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት አመልካች ሕጋዊ ሰውነት ሊኖረው ይገባል። ቤተ መጻሕፍቱ የማዘጋጃ ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ በራሱ ስም አይፈርምም። የሚያመለክተው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ አለዚያም ከጎኑ የቆመ ማኅበር። ማኅበር ደግሞ በ1997 በወጣው ሕግ በማኅበራዊ ልማት መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፤ የሒሳብ ዓመቱ ባለቀ በ9 ወር ውስጥ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማስገባት አለበት። ካላስገባ ምዝገባው ሊሰረዝ ይችላል። ኅብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ወጪ አይሸፍንም፤ የቀረውን ከየት እንደምናመጣ በወረቀት ይጠይቀናል። ውል ሳይፈረም የወጣ ገንዘብ በጥቅሉ አይታሰብልንም። የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላም ሰነዱ 5 ዓመት ይቀመጣል፤ ከ60 ሺህ ዩሮ ላልበለጠ ድጋፍ 3 ዓመት።

ይህን ስሰማ እኔም ከበደኝ። ሆኖም በኖቬምበር 2024 ፕሬዚዳንት ራማፎዛ ስፓዛ የሚባሉት የሠፈር ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ይመዝገቡ ያሉበትን፣ በኋላም እስከ ፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ የተራዘመውን ጊዜ አስታውሱ። ሰነዱ የተሟላለትና ያልተሟላለት ሰው የዚያን ሰሞን እንቅልፋቸው እኩል አልነበረም። በእኛ ዘንድ ብዙ ገንዘብ በቃል ይዞራል፤ ዕቁቡ በቃል ይገባል፣ በቃል ይወጣል፣ ሰውም አይካካድም። መተማመናችን ያኮራኛል። የብራስልስ ኦዲተር ግን ዕቁብተኛችን አይደለም፤ የሚያውቀን በደረሰኛችን ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ደረሰኝ መጠየቁን አይተውም፤ እናንተም ሒሳቡን መጠየቃችሁን አትተዉ።

ክቡራትና ክቡራን፤

የዚህ ሥልጠና ዓላማ የተሳታፊዎችን አቅም ማጎልበት፣ በማኅበራችንና በከተማው ቤተ መጻሕፍት መካከል ትስስር መፍጠር፣ ለወደፊቱም የጋራ አቅጣጫ ማመላከት ነው። ከሥልጠናው በኋላ ጉዳዩን የሚከታተል ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴውም አመቺ በሆነ ጊዜ የሚደርስበትን ያሳውቃል። የካውንስለራችንና የኤምባሲያችን የተለመደ ድጋፍ እንደማይለየን ሙሉ እምነቴ ነው።

አሠልጣኞቻችንን እያመሰገንኩ፣ ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። ከመቀመጤ በፊት አንድ ማስታወቂያ ላክል፦ የትራንስፖርት አበል የምትፈርሙበት ቅጽ በሩ ላይ ካለችው እኅት ዘንድ ይገኛል። ታክሲ ደረሰኝ እንደማይሰጥ ስለምናውቅ፣ የተነሣችሁበትን ሠፈርና የከፈላችሁትን በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙልን።